ብስኩት ላይ የማይጻፍ ስም

ብራከንቢ፣ ሰሜን ዮርክሺር
ኦክቶበር 13 ቀን 1996

ለምወድሽ ልጄ ለፊሊፓ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ ቆንጆ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው ደብዳቤሽ ማቅለሽለሹ ተወኝ ያልሽውን ሳነብ እፎይ አልኩ። እኔ አንቺን ሳረግዝ የሻይ ሽታ እንኳ ጠልቼ፣ አባትሽ ሻዩን ጓሮ ወጥቶ ዶሮዎቹ መሃል ነበር የሚጠጣው። ባልሽን ሄሚን ሳሚልኝ። ምሽት ምሽት እግርሽን ከፍ አድርጎ ያስቀምጥልሽ በይው፤ መቼም እናቱ ይህን ሳትነግረው አትቀርም።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ስላላባራ አባትሽ የላስቲክ ቦቲውን ከእግሩ አውልቆ አያውቅም። ቦቲውን ሲያጠልቅ ምን እንደሚል ልንገርሽ? እኔ የማልሰማው እየመሰለው ለውሻው «ልጄ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው» ይለዋል። ያ ጄኔራል ዌሊንግተን የሚለውን ስሙን ለቦቲም አንቺ ላለሽበት ለኒውዚላንዱ ከተማም ትቶ ስለሄደ፣ አባትሽ በየጠዋቱ እግሩን ዌሊንግተን ውስጥ እየከተተ አንቺን ያስባል። አፍ አውጥቶ «ፊሊፓ» ሲል ግን፣ ከሄድሽ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ ስለሱ ነው። ሻይሽን ቀድተሽ አንብቢው፣ ይረዝማል።

የመንደራችን አዳራሽ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። ባለፈው ገና መዝሙር ስንለማመድ አንድ የኮርኒስ ቁራጭ ፒያኖው ላይ ወድቆ ሚስስ ኩክን ለትንሽ ሳታት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው የሚሸጥ ነገር ያምጣና ጣሪያው ይጠገን ተባለ። አባትሽ «እኔ እጋግራለሁ» ብሎ ተነሣ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ እንቁላል ሲቀቅል እንኳ ድስት የሚያሳርር ሰው!

የአያትሽን የኢኖክን የዝንጅብል ብስኩት ነበር ሊጋግር ያሰበው። መጀመሪያ የወጣው ለጣሪያ ክዳን የሚሆን ነበር። ቀጥሎ የጋገረውን ውሻው አሽትቶ ትቶት ሄደ። ከዚያ ግን አንድ ጠዋት ከዶሮዎቹ ስመለስ ቤቱን አንድ ሽታ ሞልቶታል፤ ዝንጅብል፣ ቅቤ፣ ጥቁር የስኳር ሽሮፕ። አባትሽ እጁን በዱቄት ነክሮ ምድጃው ፊት ቆሟል። «አባባ ሊጡን በአውራ ጣቱ ነበር የሚጫነው» አለኝ። «እኔ በመዳፌ ስጫን ነው የቆየሁት።» እጁ ያወቀውን አእምሮው ረስቶት ኖሯል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ መሸጥ ጀመረ። ከሪፐንም ከሃሮጌትም ሰው መጣለት። አንድ ሳንቃ አምጥቶ ነጭ ቀለም ቀባና በአያትሽ ሱቅ ላይ በነበረው ዓይነት ጠመዝማዛ ፊደል «ብራከንቢ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ምን ይጻፍ? የሰውየው ስም ብራከንቢ፣ የመንደሩ ስም ብራከንቢ፣ ብስኩቱም የተጋገረው እዚሁ ብራከንቢ ነው።

ከዚያ የብስኩት ፋብሪካው ስልክ ደወለ። ስሙ የእነሱ ንብረት ስለሆነ ጠበቃ እንልካለን አሉ።

አያትሽ ኢኖክ መጋገሪያውን ከነስሙ ለፋብሪካው እንደሸጠ ታውቂያለሽ። ይህን የማያውቅ የመንደር ልጅ የለም። እኔ ግን ከአባትሽ ጋር አርባ ዓመት ኖሬ፣ ያን ቀን ምሳ ላይ ገና የሰማሁት ነገር አለ። ሰዎቹ የሱቁን ጽሑፍ ሊያወርዱ ሲመጡ አባትሽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። ጽሑፉ ከግድግዳው አልላቀቅ ብሎ ሠራተኛው መሰላሉ ላይ ሲወዛወዝ፣ አያትሽ ከሱቁ ወጣና መሰላሉን ያዘለት። የገዛ ስሙን ሲያወርዱበት መሰላሉን ደግፎ ቆመ። «እንዳይወድቅ ብሎ ነው፣ ደግ ሰው ነበር» አለኝ አባትሽ። «እኔ ግን ይውደቅ ብዬ ስጸልይ ነበር።» ሾርባውን ትቶ ተነሣ።

ስሙ ተሸጠ፤ ቤተሰቡ ግን እዚሁ ቀረ። አባትሽ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆቹ በስሙ ፋንታ «ብስኩት! ብስኩት!» ይሉት ነበር።

ጠበቃው ማክሰኞ መጣ። ለጋ ወጣት ነው፤ ጫማው ለአስፋልት የተሠራ፣ ከመኪናው በራችን እስኪደርስ ጭቃው ቁርጭምጭሚቱን ዋጠው። አባትሽ ደጃፉን ሞልቶ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ፒከሪንግ እባላለሁ» አለ ልጁ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ከፒከሪንግ ነህ?»

«አይ፣ ከለንደን ነው የመጣሁት።»

«ፒከሪንግ እኮ እዚህ ከኮረብታዎቹ ማዶ ያለች ከተማ ናት። ረግጠሃት ታውቃለህ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ስሟን ማን ሰጠህ?»

«አባቴ ነዋ!»

«የኔንስ ማን የሰጠኝ ይመስልሃል?» አለና በሩን ለቀቀለት።

ገብቶ ተቀመጠ፤ ሻይና ብስኩት አቀረብኩለት። ሊከሰን የመጣ ልጅ ብስኩቱን አንድ በአንድ ሲያነሳ ሳየው አንጀቴን በላው። ጨዋ ነው፣ ቁጣም አያውቅም። «ሚስተር ብራከንቢ» አለ፣ «ችግሩ ስምዎ አይደለም። ስምዎ የራስዎ ነው። በርዎ ላይ ይጻፉት፤ ፖስታ ሳጥንዎ ላይ ይጻፉት፤ አያድርገውና መቃብርዎ ላይም ይጻፍ። ማንም አይናገርዎትም። ብስኩት ላይ ግን አይጻፉት።»

«ስለዚህ በስሜ ለመጠቀም መሞት ይኖርብኛላ!»

እኔ ሳቅኩ። ልጁ ይሳቅ አይሳቅ ጨነቀው።

«መንደሩስ?» አለ አባትሽ። «መንደሩንም ገዝታችሁታል?»

«መንደር ብስኩት አይሸጥም፣ ሚስተር ብራከንቢ።»

«ቅዳሜ መጥተህ ባየህ።»

ይኼኔ ልጁ ስሙ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደተመዘገበ ሊያሳየን ከቦርሳው አንድ የብስኩት ጣሳ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ጣሳውን ታውቂዋለሽ። የገለባ ባርኔጣሽን አድርገሽ፣ በፊሸር ማሳ ላይ ቅርጫት ይዘሽ የቆምሽበት ፎቶ ያለበት ነው። ከሥሩ «እውነተኛዋ ሚስ ብራከንቢ» ይላል። ያ ጣሳ እዚህ ቤት ደጃፉን አልፎ አያውቅም። አባትሽ በሪፐን ሱቅ መስኮት ውስጥ ድንገት ፊትሽን አይቶ የመጣ ቀን የተባለውን ባላነሳው እመርጥ ነበር። «አያትሽ አንድ ጊዜ ሸጠው፤ አንቺ ደግሞ ደገምሽው!» ያለሽን አንቺም እኔም አንረሳውም። አንቺ ለፋብሪካው ፎቶ ተነስተሽ ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ያገኘሽ መስሎሽ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመትሽ ነበር። እኔ ያኔ ያላወቅሁት አሁን ገብቶኛል። ልጄ፣ ያ ቃል ለአንቺ የተባለ አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ለአባቱ መናገር ያልቻለውን ነው አንቺ ላይ ያወረደው።

ልጁ ምኑንም አያውቅ፤ በጣቱ ወደ ጣሳው እያመለከተ «ለምሳሌ ይህችን ተዋናይ ይመልከቱ፤ ደንበኛው ፊቷን ሲያይ…» ብሎ ጀመረ።

«ተዋናይ አይደለችም» አልኩት። «ልጃችን ናት።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አባትሽን አየና ያነሳውን ብስኩት ወደ ሳህኑ መለሰ።

አባትሽ ጣሳውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶናል። ምድጃው አጠገቡ ነው፤ አሁን እሳት ውስጥ ይከተዋል ብዬ ፈራሁ። እያገላበጠ ቆየ።

«አፍንጫዋን አቃንተውታል» አለ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» አለ ልጁ።

«የልጄን አፍንጫ ነው የምልህ! እዚህ ጋ ጎበጥ ይላል፤ ይኸው እንደኔ። እነሱ ሥለው አቃንተውታል። ስሙን ገዙ እሺ፤ አፍንጫውን ማን ሸጠላቸው?» ልጁም እኔም ወለሉን አየን።

ጠበቃው ሲነሳ ጣሳውን አልጠየቀም። «ቢሮ ውስጥ ሞልቷል፤ ይሄ ይቅርልዎ» አለው። እኔ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። መኪናው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «እማማ፣ ሌላ ስም ፈልጉለት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ብስኩቱ ከኛው በጣም ይበልጣል። ይህን ግን እኔ አልነገርኩዎትም።» የተረፈውን በወረቀት ጠቅልዬ ለመንገድ ሰጠሁት።

ጣሳው አሁን አባትሽ ራስጌ ነው ያለው። ምን እንደሚያስቀምጥበት አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍን አትጠይቂኝ። አንዴ «እከሳቸዋለሁ» ይላል፤ አንዴ «ሁለተኛ ሊጥ አልነካም» ይላል። ለጣሪያው የሚደረገው ባዛር ደረሰ። ጣሪያው ያፈሳል። በመጨረሻ ሚስ አውትዌት፣ ያቺ ያስተማረችሽ፣ መንደሩን አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበችና ለብስኩቱ ስም እናውጣ አለች። እኛም ሄድን። አባትሽ ክንዱን አጣምሮ ከኋላ ተቀመጠ።

ሥጋ ሻጩ ፊሸር ብድግ ብሎ «ስም እኮ ሥራውን መናገር አለበት፤ 'ዝንጅብልማ' እንበለው» አለ።

«አንተ ብሎ ስለ ስም ተናጋሪ!» አለው ኖርማን ፕላት ከወዲያ። «ስምህ ዓሣ አጥማጅ፣ የምትሸጠው የአሳማ ሥጋ!»

«ሚስስ ኩክስ ብትሆን?» አለ ሌላው። «ስሟ ወጥ ቤት፣ ሾርባዋን የቀመሰ ሁሉ ሐኪም ቤት!» ሚስስ ኩክ በጃንጥላዋ ጀርባውን አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባትሽ ብቻ አልሳቀም።

ሚስ አውትዌት ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ዊልፍሬድ፣ ስምህ ከዚህ መንደር የወጣ እንጂ እዚህ የተሰጠ አይደለም» አለችው አባትሽን። «ድሮ ሰው በገዛ መንደሩ እየኖረ በመንደሩ ስም አይጠራም። ሁሉም የብራከንቢ ሰው ሆኖ ሳለ አንዱን ነጥሎ 'ብራከንቢ' ማለት ምን ይረባል? ስሙ የሚለጠፈው ወጥቶ የሄደው ላይ ነው። የደረሰበት አገር ሰው 'ያ ከብራከንቢ የመጣው' ይለዋል፤ በዚያው ይቀርለታል። ያንተ ዘሮች አንድ ዘመን ከዚህ ወጥተው፣ ስሙን ሩቅ አገር አግኝተው፣ ይዘውት የተመለሱ ናቸው።»

«ለመመለስ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» አለ ኖርማን።

«ሁለት መቶ ዓመት ቢሆን ነው።»

«ያኔም አውቶቡሱ ይዘገይ ነበር በሉኛ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አባትሽን አየሁት። አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ወለሉ ላይ አፍጥጧል። ወጥቶ ስለሄደ ሰው ሲወራ ማንን እንደሚያስብ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልገኝም።

ስም በላይ በላዩ ተጣለ። «የዮርክሺር ኩራት» ተባለ። «የጣሪያው ብስኩት» ተባለ። የአባትሽ ራስ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። በዚህ መሃል ኖርማን አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ «ዊንተርቦተም በሉታ!» ብሎ ጮኸ።

ዊንተርቦተም ሳልዳር በፊት የነበረኝ የቤተሰብ ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስሙ ምክንያት ምን ይደረግብኝ እንደነበር ግን ነግሬሽ አላውቅም። ስሙን የሰማ ሁሉ «የክረምት ቂጥ» ነው የሚታየው። በረዶ በጣለ ቁጥር እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወንዶቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው «ዊንተርቦተም፣ ነይ እሳት ሙቂ፣ ቂጥሽ በረዶ ሆኗል!» ይላሉ። መሪያቸው ይሄው ኖርማን ነበር። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ላለማለት እታመም ነበር። አባትሽ እንጋባ ሲለኝ ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኩትም፤ «እሺ» አልኩ። ወድጄው ነው፤ ግን ደግሞ ያን ስም አውልቄ ጥዬ በየጣሳው ላይ በወርቅ ቀለም የሚጻፈውን ስም ላገኝ ነበር። ሚስስ ብራከንቢ! በሠርጌ ማግስት ወረቀት ላይ ደጋግሜ ጽፌ አየሁት።

እና ኖርማን ሲጮህ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴን ረስቼ ያቺው ልጅ ሆንኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ከኋላ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። አባትሽ ተነስቷል።

«ሂልዳ፣ ቁጭ በይ» አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። ብዙ ተናጋሪ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ቆቡን እጁ ላይ ያዞረዋል። «ይቺ ሴት የኔን ስም አርባ ዓመት ተሸክማልኛለች። ለካ ስሰጣትም የኔ አልነበረም፤ አባቴ ሸጦት ነበር። የሰው ዕቃ ነው ያሸከምኳት። የሷን ግን ማንም አልሸጠውም። ማንም አልገዛውም። ልጆች ሲስቁበት ዝም ብላ ጠብቃ ያቆየችው ነው።» ወደኔ ዞረ። «እሷ ከፈቀደች፣ ብስኩቴ በሷ ስም ይጠራ። ካልፈቀደች አልጋግርም።»

የሚሰማው ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው።

«ደግሞ» አለች ሚስ አውትዌት፣ «'ቦተም' በድሮው አነጋገር የሸለቆ ወለል ነው እንጂ እናንተ የምታስቡት አይደለም። ዊንተርቦተም ማለት በጎች ከተራራ ወርደው ክረምቱን የሚያሳልፉበት ሙቅ ሸለቆ ነው።»

ኖርማን ራሱን አከከ። «ሂልዳ፣ እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን 'ሸለቆ' እያልኩ ነበር የምሰድብሽ ማለት ነው» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «አንተም በጉ ነበርክ።»

ፊሊፓ፣ እንደዚያ ቀን ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። ኖርማን ራሱ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ይቅርታ አላለኝም። ሳንቃውን የቀባልን ግን እሱ ነው።

የባዛሩ ቀን ጠረጴዛው ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ። «ዊንተርቦተም» ይላል ከራሴ በላይ፣ ፊደሉ የክንድ ያህል። ሰው ሊስቅ ይመጣል፣ ቀምሶ ይገዛል፣ ተመልሶ ለጎረቤቱ ይገዛል። ከሊድስ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን በፍርፋሪ ሞልታ «ዊንተርቦተም ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ከተዳርኩ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምንም አልሆንኩም። «የኔ ስም ከዚህ ይብሳል» አለችኝና ሄደች፤ ማን እንደምትባል አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከምሳ በኋላ የቀረ ብስኩት አልነበረም። ጣሪያው በዚህ ወር ይሠራል።

ማታ ከእራት በፊት መጋገሪያ ሳህኖቹን እኔ ሳጥብ እሱ ሲያደርቅ፣ «ፊሊፓ ይህን ብታይ ትስቅ ነበር» አለ።

«ፊሊፓ» አለ። እንደዋዛ፣ ትናንት እንዳወራት ሰው። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። እርጉዝ መሆንሽን፣ በፌብሩዋሪ እንደምትወልጂ፣ ልጁ የሄሚን የቤተሰብ ስም ቢይዝ አባባን ይከፋው ይሆን ብለሽ መጠየቅሽን።

ፎጣውን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ስንት ወሯ ነው?»

«አምስት።»

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከኦገስት።»

«እና ለኔ አይነገረኝም?»

«ዊልፍሬድ፣ ስለሷ በተነሳ ቁጥር ክፍሉን ለቀህ የምትወጣው እኮ አንተ ነህ።»

የደረቀውን ሳህን ደግሞ ሲያደርቅ ቆየ። «የሄሚን ስም ይስጡት» አለ በመጨረሻ። «ብቻ ሄሚን ትጠይቀው፤ ዘመዶቹ ውስጥ የሸጠው ሰው እንደሌለ።» ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ «ያን ቀን ያልኳት ነገር…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

ሰኞ ጠዋት ክራባት አሰረ። «ሰው ሞተ?» አልኩት። «ፖስታ ቤት ነው የምሄደው» አለ። ተከትዬው ሄድኩ። ለካ የፓስፖርት ማመልከቻ ሊሞላ ነው! ይህ ሰው ባሕር ማዶ ይቅርና ለንደንን እንኳ አንድ ጊዜ አይቶ «ሰው በዛበት» ብሎ የተመለሰ ነው። እዚያ ያለችው ልጅ አዲስ ናት፤ ወረቀቱን አየችና «አባባ፣ ተሳስተዋል፤ የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ስምዎን ደግመው ጽፈዋል» አለችው።

«አልተሳሳትኩም።»

«ስም ብራከንቢ፣ የትውልድ ቦታ ብራከንቢ፣ አድራሻም ብራከንቢ?»

«ሌላም ካለ ጠይቂኝ፤ የተከለከልኩት ብስኩት ላይ ብቻ ነው።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ «ይለፍ፣ እውነቱን ነው» አልኳት።

አሁን ፓስፖርቱን እየጠበቀ ነው። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። «መጀመሪያ ይምጣና እናያለን» ይላል። ሻንጣውን ከጣሪያ ሥር አውርዶ አራግፎታል። ፌብሩዋሪ እናንተ ጋ በጋ መሆኑን ሲሰማ አላመነም፤ ሚስ አውትዌትን ሄዶ ጠየቃት። ዱቄት ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ይከለክላሉ ወይ አለኝ ትናንት። ፓስፖርቱ አይመጣም ብሎ የሚፈራ እንዳይመስልሽ። የሚፈራው ሌላ ነው፤ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እስካሁን ደብዳቤዎችሽ የሚመጡት በኔ ስም ብቻ ነው። ፖስተኛው አጥሩ ጋ ሲደርስ ከኔ ቀድሞ የሚወጣው ግን አባትሽ ነው። የኒውዚላንዱን ቴምብር ያያል፣ ፖስታውን ገልበጥ ያደርግና «ያንቺ ነው» ብሎ ያቀብለኛል፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ እስካነብ ድረስ እንጨት ይፈልጣል። ዘንድሮ የፈለጠው እንጨት ለሦስት ክረምት ይበቃናል።

የሚቀጥለውን በሱ ስም ላኪው። ሚስተር ዊልፍሬድ ብራከንቢ ብለሽ፣ እኔን ሳትጨምሪ። ብዙ አትጻፊበት፤ ስላለፈው ማንሳት የለብሽም። «አንተ የምታድርበት አልጋ አለ» በይው። ይበቃዋል።

እግዚአብሔር አንቺንም በሆድሽ ያለውንም በሰላም ያገላግልልኝ። ሄሚን ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልሽ። ከባድ ዕቃ እንዳታነሺ፤ ሲመሽ ብርድ ልብስ ደርቢ። በጋ ሊገባ ነው ብለሽ አትዘናጊ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ
እናትሽ ሂልዳ